የኦሪየንት ኤክስፕረስ ተሳፋሪዎች፦ ማን የማን ነው? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን ስለ መጽሐፍ የምናወራ ሰባት ስምንት ሰዎች ነን። ሰሞኑን የያዝነው የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን «የኦሪየንት ኤክስፕረስ ግድያ» ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1934 ነው። (እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንብበን ስንጨርስ ክርክሩ ገዳዩ ማን ነው በሚለው ላይ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። ሁሉም የሚጠይቀኝ «ይቺ ደግሞ የማን ነበረች?» እያለ ነው። ስሙ ብዙ ነው፣ ዜግነቱ ብዙ ነው፣ ሰው ይምታታል። አሥር ጊዜ በቃል ከማስረዳ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጽሐፉን ገና አላነበብኩትም። ይህን ገጽ ባነብ ችግር አለው?

አለው። እዚህ ምንም አልደብቅም። እኔ ራሴ መጨረሻውን የሰማሁት ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ነው። መጽሐፉ እጄ ላይ ነው፣ ግማሹ ላይ ደርሻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሽፋኑን አየና «እንዴ፣ ይሄንንማ አንብቤዋለሁ» ብሎ ጀመረ፤ ሳላስቆመውም ጨረሰው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ እስክንደርስ አላናገርኩትም። ያላነበባችሁ ከዚህ ተመለሱ።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድን ነው?

ክረምት ነው። የኛ ክረምት ሳይሆን የፈረንጆቹ፣ በረዶ የሚወርድበት። ቤልጂየማዊው መርማሪ ኤርኩል ፖዋሮ ከሶርያዋ አሌፖ ተነሥቶ ኢስታንቡል ይገባል። እዚያ ጥቂት ቀን ሊያርፍ አስቧል። ሆቴል ሲደርስ ግን ቶሎ ተመለስ የሚል ቴሌግራም ይጠብቀዋል። በዚያው ምሽት ወደ ምዕራብ አውሮፓ በሚሄደው ባቡር፣ ኦሪየንት ኤክስፕረስ ላይ ይሳፈራል።

ባቡሩ ላይ ራቸት የሚባል ሀብታም አሜሪካዊ አለ። «ጠላት አለኝ፣ ጠብቀኝ» ብሎ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ያቀርብለታል። ፖዋሮ እምቢ ይላል። ለምን ሲባል፣ ፊትህን አልወደድኩትም ነው መልሱ። ባቡሩ ዩጎዝላቪያ ውስጥ በቪንኮቭቺና በብሮድ መካከል በረዶ ይዞት ይቆማል። ሲነጋ ራቸት አልጋው ላይ ሞቶ ይገኛል። አሥራ ሁለት ቦታ ተወግቷል። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ውጭ በረዶው ላይ ግን የእግር ዱካ የለም።

የባቡር ድርጅቱ ዳይሬክተር ሙሴ ቡክ የፖዋሮ የድሮ ወዳጅ ነው። ፖሊስ ሳይመጣ ጉዳዩን ያዝልኝ ይለዋል። ኮንስታንቲን የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ደግሞ ሬሳውን ይመረምራል። ሦስቱ ተቀምጠው ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ይጠራሉ።

የመኝታ ፉርጎ ምን ይመስላል? በሩና መቀርቀሪያው አልገባኝም።

አይፈረድባችሁም። ባሕር ዳር ባቡር የለም፤ ከመካከላችን የባቡር መኝታ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አንድ ረጅም ፔንሲዮን አስቡ። ኮሪደሩ በአንድ ወገን፣ ክፍሎቹ በሌላው ወገን። ያንን አንስታችሁ ሐዲድ ላይ ጫኑት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የፉርጎው አስተናጋጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያድራል። ደወል ሲደወልለት ይመጣል። ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ደግሞ የመሐል በር አላቸው፤ በሩ መቀርቀሪያ አለው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙ፦ አስተናጋጁ ሳያየው በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው የለም። «ማንም አላለፈም» ካለ ማንም አላለፈም ማለት ነው። አስተናጋጁ ራሱ የነገሩ ተካፋይ ካልሆነ በቀር። እኔ ይህቺ ነገር ብልጭ ሳትልልኝ ነው መጽሐፉን ግማሽ ያደረስኩት።

ሌላም አለ። በዚያ ወቅት ፉርጎው ባዶውን ነው የሚሄደው። ያን ቀን ግን ጢም ብሏል። ሙሴ ቡክ ይገርመዋል፤ አንባቢ ግን ያልፈዋል። አንድ አልጋ ብቻ ሚስተር ሃሪስ በሚባል ሰው ስም ተይዞ፣ ሰውየው ሳይመጣ ይቀራል። ፖዋሮ የገባው በዚያ አልጋ ነው። እሱ ባይመጣ ኖሮ ፉርጎው ውስጥ ከሟቹና ከሙሴ ቡክ በቀር አንድም ባዳ ባልነበረ።

ራቸት ማን ነው? ዴዚ የምትባለውስ ልጅ?

ራቸት የውሸት ስም ነው። እውነተኛ ስሙ ካሴቲ ነው። ፖዋሮ ይህን የሚያውቀው ከሟቹ ክፍል ካገኘው የተቃጠለ ወረቀት ነው። ወረቀቱን ዘዴ ፈጥሮ ሲያሞቀው «ትንሿ ዴዚ አርምስትሮንግ» የሚል ስም ይነበባል።

ዴዚ አሜሪካ የሚኖሩ የኮሎኔል አርምስትሮንግና የባለቤቱ የሶኒያ ልጅ ነበረች። ሦስት ዓመቷ ነው። ካሴቲ ይሰርቃታል። ቤተሰቡ 200,000 ዶላር ይከፍላል። ልጅቷ ግን ሞታ ትገኛለች፤ የሞተችውም ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው። ሶኒያ ነፍሰ ጡር ነበረች። በድንጋጤ ያለ ጊዜዋ ትወልዳለች፣ ሕፃኑም እሷም ይሞታሉ። ኮሎኔሉ ራሱን በጥይት ይገድላል። ከልጅቷ ክፍል የምትሠራ አንዲት ፈረንሳያዊት ወጣትም አለች፣ ሱዛን። ፖሊስ ይጠረጥራታል፣ ብትምል ብትገዘት አይሰማትም። በመስኮት ራሷን ወርውራ ትሞታለች። ኋላ ንጹሕ ሆና ተገኘች።

አንድ ልጅ ተሰረቀ፣ አምስት ነፍስ ጠፋ። ካሴቲ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በገንዘቡ ኃይልና በሕግ ቀዳዳ ወጣ። ስሙን ቀይሮ ሀብታም ሆኖ ዓለምን ይዞር ጀመር።

እሺ፣ ተሳፋሪዎቹ እንግሊዛዊ፣ ስዊድናዊት፣ ጣሊያናዊ፣ ጀርመናዊት፣ ሀንጋሪያዊ ናቸው። በምን ተዛመዱ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። አንድ ቀን ሙሉ የተከራከርነውም በሱ ነው። እኔ መልሱ ያለው በራሳችን ቃል ውስጥ ነው ባይ ነኝ። ቤተሰብ የሚለውን ለሁለት ክፈሉት፦ ቤተ ሰብ፣ የቤት ሰው። ቃሉ ደም ብቻ አይጠይቅም። እዚያ ቤት እንጀራ የበላ፣ ልጅ ያቀፈ፣ መኪና ያጠበ ሁሉ ይገባበታል። አጋታ ክሪስቲ አማርኛ አታውቅም፤ ነገር ግን ልብ ወለዷን የሠራችው በዚህ ቃል ላይ ነው የሚመስለው። ፉርጎው ውስጥ ያለው የአርምስትሮንግ ቤተሰብ ነው። እያንዳንዱ ከዚያ ቤት አንድ ክፍል ይዞ ነው የመጣው። ካሴቲንም የገደሉት አብረው ተማክረው ነው።

ከጓዳው እንጀምር። ሂልደጋርድ ሽሚት አሁን የሩሲያዊቷ ልዕልት ድራጎሚሮፍ ደንገጡር ናት፤ በፊት የቤቱ ምግብ አብሳይ ነበረች። ፖዋሮ የያዛት በጨዋታ መሐል ነው። ጎበዝ ምግብ አብሳይ መሆንሽን አውቃለሁ ይላታል። ሴትየዋ ሙያዋ ሲመሰገን ደስ ይላታል፣ እመቤቶቼ ሁሉ እንደዚያ ይሉኝ ነበር ትላለች። ደንገጡር ደግሞ ወጥ አትሠራም። በሙያዋ የተመሰገነች ሴት አፏን መያዝ ያቅታታል፤ ይህን ለማወቅ ቤልጂየም መወለድ አያስፈልግም።

ስዊድናዊቷ ግሬታ ኦልሰን የዴዚ ሞግዚት ነበረች። ስትጠየቅ ታለቅሳለች፤ አብዛኛው ለቅሶዋ የእውነት ነው። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ፎስካሬሊ ሹፌሩ ነበር። ወሬኛና ጯሂ ሰው ነው፣ ሙሴ ቡክም ጣሊያን ቢላ ይወዳል እያለ ከመጀመሪያው ይጠረጥረዋል። ይህ ሰው በመጨረሻ ሲናገር ግን ሆድ ያባባል። ዴዚ «ቶኒዮ» እያለች ትጠራው ነበር። መኪናው ውስጥ ትቀመጥና መሪ እንደያዘች ትጫወት ነበር። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የማልረሳው ይህቺን ነው። ከቢላውም ከደሙም በላይ ያቺ ትንሽ እጅ መሪው ላይ።

ማስተርማን የራቸት አሽከር ሆኖ ነው የተሳፈረው። ድሮ ግን የኮሎኔል አርምስትሮንግ ሰው ነበር፤ በጦር ሜዳ አገልጋዩ፣ ኋላም የቤቱ አሽከር። ሜሪ ደበንሃም የቤት አስተማሪ ነበረች። ኮሎኔል አርበትኖት የሟቹ ኮሎኔል ወዳጅ ነው፤ ሁለቱም ወታደሮች ናቸው። ከሜሪ ጋርም ይዋደዳሉ፣ ባቡሩ ላይ ግን እንደማይተዋወቁ ይሆናሉ።

ልዕልት ናታሊያ ድራጎሚሮፍ የሶኒያ የክርስትና እናት ናቸው። (አዎ፣ እሳቸውን አንቱ ብያለሁ። ሌሎቹን አንተና አንቺ ብዬ እሳቸው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለ። መጽሐፉን አንብቡና እናንተም አንቺ ማለት ከቻላችሁ ንገሩኝ።) የክርስትና እናት ምን ማለት እንደሆነ ለኛ አንባቢ አላስረዳም። እንግሊዞቹ ማብራሪያ ይፈልጉ ይሆናል።

ሀንጋሪያዊው ካውንት አንድሬኒ ዲፕሎማት ነው። ሚስቱ ካውንተስ ኤሌና ግን የሶኒያ ታናሽ እህት ናት፣ ሄሌና። የደም ዘመድ ከሆኑት ከሁለቱ አንዷ ናት። ሁለተኛዋን ወደ ኋላ እመጣባታለሁ።

ከቤቱ ውጭ ያሉም አሉ። ሄክተር ማክዊን የራቸት ጸሐፊ ነው፤ አባቱ የካሴቲን ክስ የያዘው አቃቤ ሕግ ነበር። አስተናጋጁ ፒየር ሚሼል በመስኮት የወደቀችው የሱዛን አባት ነው። ሃርድማን አሜሪካዊ የግል መርማሪ ነው፤ የጽሕፈት መኪና ሪባን ነጋዴ ነኝ ብሎ ነው የተሳፈረው። ሱዛንን ይወዳት ነበር። እነዚህ ሁለቱ ያመጡት የዴዚን ደም ሳይሆን የሱዛንን ነው። ብዙ አንባቢ ይህን ያልፈዋል። አንድ ልጅ ሞታ ዓለም ሲያለቅስላት፣ ለሠራተኛዋ ያለቀሱላት አባቷና የሚወዳት ሰው ብቻ ነበሩ።

ሚስስ ሃባርድ ታደክመኛለች። ለምንድን ነው ያን ያህል የምትለፈልፈው?

ሥራዋ ስለሆነ ነው። ሚስስ ሃባርድ የምትባል ሴት የለችም። እሷ ሊንዳ አርደን ናት፣ ስመ ጥር የቲያትር ተዋናይት። የሶኒያና የሄሌና እናት፣ የዴዚ አያት። ሁለተኛዋ የደም ዘመድ ይቺ ናት።

«ልጄ እንዲህ ትላለች፣ ልጄ እንዲያ ትላለች» እያለች ባቡሩን ታሰለቻለች። ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ይህ ነገር ያስደነግጣል። ከሁለት ልጆቿ አንዷ አፈር ውስጥ ናት። ሌላዋ ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጣ እንደማታውቃት ትሆናለች። እሷ ግን የሌለች ልጅ ፈጥራ ስለሷ ታወራለች።

ለፍላፊነቷ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሁሉም ሰው እሷን ይሰማል። ሰው ክፍሌ ገብቶ ነበር ብላ ትጮኻለች። ቢላው የተገኘው በሷ ቦርሳ ነው። የመሐሉ በር መቀርቀሪያ በቦርሳዬ ተሸፍኖ አላየሁትም ትላለች። ፖዋሮ ሄዶ በሩን ያያል፤ መቀርቀሪያው ከእጀታው በላይ ነው፣ ቦርሳው ሊሸፍነው አይችልም። ጎበዝ ተዋናይት በአንድ መቀርቀሪያ ተያዘች።

አሥራ ሦስት ሰው ሆነው ቁስሉ ለምን አሥራ ሁለት ሆነ?

አስተናጋጁን ጨምራችሁ ስትቆጥሩ አሥራ ሦስት ይመጣል፤ ቆጠራችሁ ልክ ነው። ካውንተስ ኤሌና ግን አልወጋችም። ባሏ በሷ ቦታ ገባ። እጇን ደም እንዳትነካ ብሎ የራሱን ነከረ። አሥራ ሁለት መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ከባድ ወንጀል የሚዳኘው አሥራ ሁለት ሰዎች ባሉበት ችሎት ነው፣ ጁሪ በሚሉት። ፍርድ ቤት ያልፈረደበትን እነሱ ፈረዱበት ማለት ነው። እኛ አገር ዳኛ እንጂ ጁሪ ስለሌለ ቁጥሩ ለኛ አንባቢ ወዲያው አይናገርም። አንድ ጓደኛችን መጀመሪያ ያሰበው አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ነበር። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ከመንገድ አልወጣም።

ሐኪሙን ያደናገረውም ይኸው ነው። አንዱ ቁስል ጥልቅ ነው፣ አንዱ ጭረት ነው። አንዱ በቀኝ እጅ፣ አንዱ በግራ። የአንድ ሰው እጅ እንዲህ አይሆንም። ያሮጊት እጅና የወታደር እጅ እኩል አይወጋም።

«H» ፊደል ያለበት መሐረብ የማን ነው?

የልዕልቷ። ይህቺን ፍንጭ ማስረዳት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም የፊደል ነገር ናት።

ሬሳው አጠገብ ውድ የሴት መሐረብ ወድቆ ይገኛል። ጫፉ ላይ H ተጠልፎበታል። ሁሉም ስሟ በ«ህ» የሚጀምር ሴት መፈለግ ይጀምራል። ሃባርድ አለች። ሂልደጋርድ አለች። ሄሌናም አለች፤ ስሟን ለመደበቅ ፓስፖርቷ ላይ የቅባት ጠብታ አርፎ ሄሌና የነበረው ኤሌና ሆኗል። ነገር ግን ይህ ምልክት በሩሲያ ፊደል «ን» ነው የሚነበበው። ናታሊያ! ልዕልቷ ሩሲያዊት ናቸው።

እኛ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ብለን ለአንድ ድምፅ ሦስት ቅርጽ አለን። እዚያ ደግሞ ለአንድ ቅርጽ ሁለት ድምፅ። ድሮ ትምህርት ቤት «ሐይቅ» በየትኛው ሐ ነው ተብሎ ነጥብ የተቀነሰበት ሰው ይህቺን ፍንጭ ቶሎ ይረዳታል።

ፖዋሮ ይህን ሁሉ እንዴት አወቀ? ገምቶ ነው?

ግማሹን ገምቶ ነው፤ ራሱም አይደብቅም። መነሻው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሁሉ ዓይነት ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገኝ የሚችለው የት አገር ነው? እንግሊዛዊት አስተማሪ፣ ስዊድናዊት ሞግዚት፣ ጀርመናዊት ምግብ አብሳይ፣ ጣሊያናዊ ሹፌር፣ ፈረንሳያዊት ሠራተኛ። መልሱ አሜሪካ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ቲያትር አዘጋጅ ሆነ። ሚናዎቹን ደረደረ፣ ለእያንዳንዱ ሚና ከፊቱ ካሉት የሚመጥነውን መረጠ። «አንተ ሹፌር ነበርክ» ሲል አውቆ አይደለም፤ ሹፌር መኖር ስላለበት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወዳት የካውንተስዋ ውሸት ናት። የቤት አስተማሪሽ ማን ነበረች ትባላለች። ሜሪን መሸሸግ አለባት። ረጅምና ቀይ ፀጉር ያላት ሴት ነበረች፣ ስሟም ፍሪቦዲ ትላለች። የሜሪን መልክ ገልብጣ መናገሯ ነው። ስሙ ግን ከየት መጣላት? ያኔ ለንደን ውስጥ ደበንሃምና ፍሪቦዲ የሚባል የታወቀ ሱቅ ነበር። ደበንሃም የሚለውን ስም ለመሸሽ ስትሮጥ አፏ ላይ የመጣው የሱቁ ሁለተኛ ስም ሆነ። ሰው ሲዋሽ ከእውነቱ ጎረቤት ነው የሚያርፈው።

ሌላው ቀላል ነገር ነው። ሌሊቱን ከሟቹ ክፍል ምንም አይደለም የሚል ድምፅ በፈረንሳይኛ ተሰምቷል። ራቸት ግን ፈረንሳይኛ አይችልም።

ቀይዋ ኪሞኖስ?

ማደናገሪያ ናት። ዘንዶ የተጠለፈባት ቀይ ኪሞኖ የለበሰች ሴት በኮሪደሩ ስትሄድ ትታያለች። ሁሉም ሻንጣ ሲፈተሽ ኪሞኖዋ የተገኘችው ፖዋሮ የራሱ ሻንጣ ውስጥ ነው። ደፋሮች ናቸው። ብዙ አታስቡባት።

ታዲያ ይህ ደም መመለስ አይደለም? ጎጃም ላይ ብንሆን በዚህ ስም ነው የምንጠራው።

ከመካከላችን እንደዚያ ያለ አለ፣ የካደም አለ። እኔ ልዩነት አያለሁ። ደም መላሽነት የወንዱ ዘመድ ጉዳይ ሆኖ ነው የኖረው። ወንድም፣ የአጎት ልጅ። እዚህ ግን ምግብ አብሳይዋ፣ ሞግዚቷ፣ አሮጊቷ የክርስትና እናት ቢላ ያነሣሉ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ እርቅ የሚወርድበት በርም አልነበረም፤ ገዳዩ ስሙን ቀይሮ ጠፍቷልና። ከማን ጋር ትታረቃለህ?

የሚገርመው ደግሞ ኮሎኔል አርበትኖት ፖዋሮ ፊት ቁጭ ብሎ ደም መመላለስን ይነቅፋል። ሰው እንደ ማፊያ ሊወጋጋ አይገባም፣ በጁሪ መዳኘት ይሻላል ይላል። ስናነብ ጨዋ ሰው ነው ብለን አለፍን። ለካ ሰውየው እየዋሸ አልነበረም። በሱ ቤት አሥራ ሁለቱ ጁሪ ናቸው።

እኔን ያስታወሰኝ ከደም መመለስ ይልቅ አውጫጭኝ ነው። ድሮ በአገራችን ወንጀለኛው ያልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም አይበተንም። በረዶ የያዘው ፉርጎ ልክ እንደዚያ ነው፤ መውጫ የለም፣ ሥራ የለም፣ መጠየቅና መጠያየቅ ብቻ። አውጫጭኝ የሚሠራው ግን ከተሰበሰበው መሐል ቢያንስ አንድ ምሥጢሩ የማይመለከተው ሰው ሲኖር ነው። ያ ሰው ነው ወፍ ነገረኝ ብሎ የሚያወጣው። የተሰበሰበው ሁሉ አድራጊ ከሆነስ? አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። እንግሊዛዊው ለጣሊያናዊው፣ አሜሪካዊው ለእንግሊዛዊው። ባዳ ለባዳ ሲመሰክር ደግሞ ሰው ያምናል።

መጨረሻ ላይ ለምን ሁለት መልስ ይሰጣል?

ፖዋሮ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ፉርጎ ውስጥ ሰብስቦ ሁለት መፍትሔ ያቀርባል። አንደኛው፦ የራቸት ጠላት የሆነ ሰው የአስተናጋጅ ልብስ ለብሶ ገባ፣ ገደለ፣ ወረደ። ሁለተኛው እውነቱ ነው። ሊንዳ አርደን ሁሉን በኔ ላይ አድርጉት፣ አሥራ ሁለቱንም ጊዜ እኔ ብወጋው ደስታዬ ነበር ትላለች። ሙሴ ቡክና ሐኪሙ ይተያያሉ። ከዚያ አንደኛውን ይመርጣሉ። ለፖሊስ የሚነገረው እሱ ነው።

ፖዋሮ አጠፋ ወይስ አላጠፋም? ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብናል፣ አልተስማማንም። እኔ ዳኝነቱን ለቡክና ለሐኪሙ መስጠቱ ያሳስበኛል። እውነቱን ያወጣው እሱ ነው፤ ሸክሙን ግን ሌላ ሰው ትከሻ ላይ አደረገው።

እውነተኛ ታሪክ ነው?

ፉርጎው ውስጥ ያለው አይደለም። የዴዚ ነገር ግን ከእውነት የተቀዳ ነው። በመጋቢት 1932 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ያቋረጠው የቻርለስ ሊንድበርግ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ከቤቱ ተሰረቀ። ሃያ ወሩ ነበር። 50,000 ዶላር ተከፈለ፤ ልጁ ግን ሞቶ ተገኘ። አንዲት የቤት ሠራተኛም በፖሊስ ተጠርጥራ ስትመረመር ቆይታ ራሷን አጠፋች። ኋላ ጥፋት እንደሌለባት ታወቀ። ሱዛን ከየት እንደመጣች አሁን ይገባችኋል።

መጽሐፉ ሲወጣ በሊንድበርግ ጉዳይ የተያዘ ሰው አልነበረም። ተከሳሹ የተያዘው በመስከረም 1934 ነው። የመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ይህን ሲያነቡ እውነተኛው ሌባ የትም ይዞር ነበር። የያኔው አንባቢ ለአሥራ ሁለቱ ለምን እንዳዘነላቸው መገመት አያቅትም።

ባቡሩም ቢሆን ባዶ ፈጠራ አይደለም። በ1929 ኦሪየንት ኤክስፕረስ ቱርክ ውስጥ በበረዶ ተይዞ ለቀናት ቆሟል። አጋታ ክሪስቲ ራሷም በ1931 በዚሁ ባቡር ስትመለስ ዝናብ ሐዲዱን ጠርጎት መንገድ ላይ ቀርታ ነበር።

ፊልሙን አየሁት፣ ስሞቹ አልገጠሙልኝም።

ፊልም ሠሪዎቹ ቀይረውት ነው። በ1974ቱ ፊልም ሙሴ ቡክ ቢያንኪ፣ ማስተርማን ደግሞ ቤዶስ ተብለዋል። ግሬታ ኦልሰንን የተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን ኦስካር አግኝታበታለች። በ2017ቱ ግሬታ የለችም፤ በቦታዋ ፒላር የምትባል ሴት አለች። አርበትኖትና ሐኪሙ ደግሞ አንድ ሰው ሆነዋል። ይሄ እኔን አልተመቸኝም። ሐኪሙ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው መሆን አለበት፤ እሱም ከሴረኞቹ አንዱ ከሆነ ቁስሉን ማን ይቆጥርልናል?

እኛ አገር ቢሆን ይህ ምሥጢር ይደበቅ ነበር?

እኔ አይመስለኝም። አሥራ ሦስት ሰው ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በሚሻገር ጀልባ ላይ አስቀምጡና ሞተሩ ሐይቁ መሐል ይጥፋ። አንድ ሰዓት አይሞላም። አንዷ እናት ፔስታሏን ፈትታ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ዳቦውን እያቀበለች «የኔ ልጅ፣ አገርህ የት ነው? የማን ልጅ ነህ?» ትላለች። እዚያው ያልቃል። «የእገሌ ቤት ሹፌር ነበርኩ» «ውይ! እኔ እኮ እዚያ ቤት ወጥ እሠራ ነበር!» ፖዋሮም አያስፈልግም።

የኦሪየንት ኤክስፕረስ ተሳፋሪ የዳነው ባዳን ባለመጠየቅ ጨዋነት ነው። እዚያ ሦስት ቀን አጠገብህ የተቀመጠን ሰው ስለ ቤቱ አለመጠየቅ ወግ ነው። እኛ ጋ አለመጠየቅ ኩራት ይባላል።

ይህን ስል አንዷ ጓደኛችን አልተቀበለችኝም። «አንድ ቤት ያሳደገን ሰዎች ተማክረን ከተነሣን ያቺ እናትም ከኛው ናት፤ ዳቦውንም ጥያቄውንም ለሌላው ተሳፋሪ ጆሮ ነው የምታቀርበው» አለችኝ። ሚስስ ሃባርድን አስታወሰችኝ። መልስ አላገኘሁላትም።

እንደገና ላነበው ነው። ምን ልይ?

ገና ኢስታንቡል ሳትደርሱ፣ ከአሌፖ በሚመጣው ባቡር ላይ ቆም በሉ። ፖዋሮ ሜሪ ደበንሃም ለኮሎኔሉ በሹክሹክታ የምትለውን ይሰማል፦ አሁን አይሆንም፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው የፍቅር ነገር መስሎኝ ፈገግ ብዬ ገጹን ገለጥኩ።